«ውሃ» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

ክፍላችን ወደ ሶደሬ ሄዶ ከተመለሰ በኋላ ስለ ጉዞው ድርሰት እንድንጽፍ ታዘዝን። እኔም በሁለት ገጽ ድርሰቴ ውስጥ «ውሃ» የሚለውን ቃል ስምንት ጊዜ ጽፌው ኖሮ፥ ወረቀቱ ሲመለስልኝ ሰባቱ በቀይ ቀለም ተሰርዘው በላያቸው ላይ «ውኃ» ተብሎ ታርሞ አገኘሁት። ከዚህ ይልቅ ያስገረመኝ ግን በሌላ ክፍል የሚማር ጓደኛዬ በዚያው ሳምንት «ውኃ» ብሎ ጽፎ «ውሃ» ተብሎ የታረመለት መሆኑ ነው። ማርክ ከሁለታችንም ጎደለ። በዕረፍት ሰዓት ወረቀቶቻችንን ጎን ለጎን ዘርግተን ስንመለከት መጀመሪያ ሳቅን፤ ቀጥሎ ግን ነገሩ ቈረቈረን። በየቀኑ የምንጠጣውን ነገር ስም እንዴት እንደምንጽፍ ካላወቅን ምን እናውቃለን?

የቤተ ክህነት ትምህርት ያላቸውን አንድ ሽማግሌ ብጠይቃቸው «የቃሉን ሥር ያወቀ ፊደሉን አይስትም» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቃሉን ሥር ስፈልግ ከረምኩ። ያገኘሁትንም እነሆ ለመጽሔታችን አንባብያን አቀርባለሁ። ሥሩን ፈልጌ የደረስኩበት ስፍራ ግን ከአስተማሪዎቼም ከጓደኛዬም ፊደል የራቀ መሆኑን አስቀድሜ መናገር ይገባኛል።

ነገሩ የተጀመረው በሶደሬ ስለሆነ ከዚያው ልነሣ። ሶደሬ ከአዳማ ከተማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ወንዝ ዳር ይገኛል። በአዋሽ መልካሳ በኩል የሚያልፈውን የአርሲ መንገድ ይዘው ሲሄዱ ነፋሱ እየሞቀ፥ ግራሩም እየበዛ ይመጣል። ከምድር ውስጥ የሚወጣው ፍል ውሃ ለቍርጥማትና ለቈዳ ሕመም ይበጃል እየተባለ ከብዙ አገር ሕዝብ ይመጣበታል። ዝንጀሮዎቹ ምሳችንን እንደ ሰረቁን በድርሰቴ ስለ ጻፍኩት እዚህ አልደግመውም።

ከክፍል ጓደኞቼ አንዱ እግሩን ወደ ፍል ውሃው ሰደድ አድርጎ ሲያቃጥለው ሳያስበው «ቢሻን ሆኣ!» ብሎ ጮኸ። ይህ በኦሮምኛ «ፍል ውሃ» ማለት ነው። አንዳንዶቹ ሳቁበት። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በቤታችን ሴት አያቴ በየማለዳው «ቢሻን ፊዲ» ሲሉኝ ውሃ እየቀዳሁ የማመጣ ልጅ መሆኔን በዚያች ሰዓት እንዴት እንደ ዘነጋሁት አላውቅም። አባቴ ደግሞ «ውሃ አምጣ» ይላል። ያው እንስራ፥ ያው ጣሳ ነው፤ የትኛው በየትኛው ቋንቋ እንደ ጠየቀኝ አስቤውም አላውቅም ነበር። የሳቁ ነገር ስላሳፈረኝ ይመስለኛል፥ ከሰዓት በኋላ እርሳስና ወረቀት ይዤ በፍል ውሃው ዙሪያ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ «በአገርዎ ውሃን ምን ይሉታል?» እያልኩ መጠየቅ ያዝኩ።

ከትግራይ የመጡ ሰውዬ «ማይ» አሉኝ። ከሐረር የመጡ እናት «ሚይ» አሉ፤ አንድ የስልጤ ነጋዴም «ምይ» አለኝ። ከቸሃ ጉራጌ የመጡ ባልቴት ግን «እኻ» አሉኝ፤ «ኻ»ዋን ከጉሮሮአቸው ፍቀው ነው ያወጧት። ሶማሌው ሾፌር «ቢዮ»፥ የአፋሩ ወጣት «ሌ»፥ የወላይታው «ሃታ»፥ የሀድያው «ወኦ»፥ የሲዳማው «ዋ» አሉኝ። በመጨረሻ ከእንጅባራ የመጡ አንድ የአዊ ሰው እጃቸውን አጥበው ሲነሡ ብጠይቃቸው «አጉ» አሉኝ፤ «ጉ»ን ግን እኛ እንደምንለው አጥብቀው ሳይሆን አላልተው፥ በጉሮሮ ነው የተናገሩት። በአንድ ከሰዓት በኋላ፥ በአንድ የውሃ ገንዳ ዙሪያ፥ ይህን ያህል ስም ለአንድ ነገር አገኘሁ። ወረቀቴንም ከድርሰቴ ይልቅ አክብሬ አስቀመጥኩት።

አሁን ጥቂት ወደ ሩቅ አገር መሄድ ያስፈልገናል፤ የውሃን ስም መመርመር ምን ጥቅም እንዳለው በደንብ የሚታየው እዚያ ነውና። ከሶደሬ ማዶ ባለው በአርሲ በ1960 ዓ.ም. ካዱ የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በስዊድን መንግሥት እርዳታ ተቋቁሞ ነበር። በዚያ የሠሩት ስዊድኖች ውሃን «ቫተን» ይላሉ። ጎረቤታቸው ዴንማርካዊ «ቫንድ» ብሎ ይጽፍና ሲናገር መጨረሻዋን «ድ» ይውጣታል። በኖርዌይ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ስላለ በአንደኛው «ቫን»፥ በሁለተኛው «ቫትን» ይባላል። የአይስላንድ ሰው ደግሞ አባቶቹ ከሺህ ዓመት በፊት እንዳሉት ዛሬም «ቫትን» ይላል። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ አንድ ቃል ነው። «ት» በስዊድን ጸንታ ቀረች፤ በኖርዌይ «ን» ዋጠቻት፤ የዴንማርኩ «ድ» ደግሞ በወረቀት ላይ እንጂ በአፍ የለችም። በእነዚህ አገሮች ቃሉ ሐይቅም ማለት ሊሆን ይችላል፤ በአይስላንድ ያለው ሚቫትን የተባለው ሐይቅ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። እንግሊዞች «ዎተር»፥ ጀርመኖች «ቫሰር»፥ ሩስያውያን «ቮዳ» ማለታቸው ከዚሁ ግንድ የወጣ ነው።

ይህ ቃል አንድ ጊዜ ትልቅ ምስጢር አስገኝቷል። በዛሬዪቱ ቱርክ ምድር የጥንት ኬጢያውያን የጻፉባቸው የሸክላ ጽሑፎች ከ3000 ዓመት በላይ ተቀብረው ኖረው ሲገኙ ቋንቋው የየትኛው ወገን እንደሆነ አልታወቀም ነበር። ቤድርዢህ ሆሮዝኒ የተባለ የቼክ ሊቅ ስለ እንጀራና ስለ መብላት ከሚናገር ዐረፍተ ነገር አጠገብ «ዋታር» የሚል ቃል አገኘ። ይህ «ውሃ» መሆን አለበት ብሎ በዚያ መንገድ ቢከተል፥ ቋንቋው ከአውሮፓ ቋንቋዎች ጋር አንድ ወገን መሆኑን በ1915 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ለዓለም አስታወቀ። አንድ የውሃ ጠብታ የጠፋ መንግሥት ቋንቋ ከፈተች ማለት ነው።

ሊቃውንቱ በእንዲህ ዓይነት ቃል የሚተማመኑት ያለ ምክንያት አይደለም። ሕዝብ የቅንጦት ዕቃን ስም ከሌላ አገር ይዋሳል፤ እኛም መኪናን፣ ራዲዮንና ሲኒማን ተውሰናል። ውሃን፣ እሳትን፣ ዐይንንና ደምን ግን ሁሉም ሰው ከአባቶቹ ጀምሮ ያውቃቸዋል፤ ስማቸውን ከሌላ የሚዋስበት ምክንያት የለውም። ሞሪስ ስዋዴሽ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት እንደነዚህ ያሉትን ቶሎ የማይለወጡ ቃላት በዝርዝር አውጥቶ የቋንቋዎችን ዝምድና ለመለካት ተጠቅሞባቸዋል። ውሃም በዝርዝሩ ውስጥ አለ።

በዚህ መለኪያ የእኛን አገር እንይ። ግእዝ እሳትን «እሳት»፥ ዐይንን «ዐይን»፥ ደምን «ደም» ይላል፤ አማርኛም ምንም ሳይለውጥ እንዲሁ ይላል። ውሃን ግን ግእዝ «ማይ» ይለዋል። ይህ ቃል እጅግ የከበረ ዘር ያለው ነው። ዐረብ «ማእ»፥ ዕብራዊ «ማይም»፥ ሶርያዊ «ማያ» ይላል፤ የጥንት ባቢሎናውያን «ሙ» ይሉ ነበር። የግብፅ ፈርዖኖች ቋንቋ እንኳ በ«መ» የሚጀምር ቃል ነበረው። ትግርኛና ትግረ «ማይ» ብለው፥ ሐረርጌዋ እናት «ሚይ» ብለው፥ የስልጤው ነጋዴ «ምይ» ብሎ ይህንን የአባቶች ቃል ይዘውታል። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ግን ጥለነዋል።

ፈጽሞ ጥለነዋል ማለት እንኳ አይቻልም። ሳናውቀው በአፋችን ይዘነዋል። ፊደል ስንቈጥር «ሀ ሁ» ብለን የምናልፋቸው ፊደሎች በግእዝ የየራሳቸው ስም አላቸው፤ ሆይ፣ ላዊ፣ ሐውት፣ ማይ እያሉ ይሄዳሉ። የ«መ» ስም «ማይ» ነው። ዕብራውያንም ይህንን ፊደል «ሜም» ይሉታል፤ በጥንት ዘመን የተሳለው እንደ ውሃ ማዕበል ተጠማዞ ነበር። የላቲኖቹ ፊደል ዛሬም ያንን ማዕበል ይመስላል። እንግዲህ ማንኛውም ሕፃን «መ» ባለ ቍጥር ውሃ ይጠራል። በአገር ስምም «ማይ» ቆሟል፤ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ታላቁ ጦርነት የተደረገበት ማይጨው «ጨዋማ ውሃ» ማለት ነው። ነገር ግን በማይጨው ስም አማርኛ ተናጋሪ ውሃ አይታየውም፤ ጦርነት ብቻ ነው የሚታየው።

ታዲያ «ውሃ» ከየት መጣ?

ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ «ከግእዝ ነው» የሚል ነው። በግእዝ «ውሕዘ» ማለት ፈሰሰ፥ «ውሒዝ» ማለት ጅረት ነውና «ውሃ» ከዚያ ወጣ ይላሉ። እኔም ይህንን ስሰማ ደስ ብሎኝ ምርመራዬን ልዘጋው ነበር። በኋላ ግን ሁለት ነገሮች አላስተኛ አሉኝ።

አንደኛው፥ «ዘ» የት ገባች? ትርጕሙ ይስማማል፤ ድምፁ ግን አይስማማም። አማርኛ ከግእዝ ቃል ሲወርስ በጉሮሮ የሚወጡትን ፊደሎች ይጥላል እንጂ «ዘ»ን አይጥልም። ግእዝ «አኀዘ» የሚለውን አማርኛ «ያዘ» ይለዋል፤ «ኀ» ወደቀች፥ «ዘ» ቀረች። «ውሃ» ከ«ውሕዘ» ወጣ ካልን ደግሞ ነገሩ ተገላብጦ «ዘ» ወድቃ የጉሮሮዋ ፊደል ቀረች ማለታችን ነው።

ሁለተኛው ከዚህ የባሰ ነው። የግእዝ ሐውትና ብዙኃን «ኀ» በአማርኛ አፍ ውስጥ አይቀሩም። «ፈልሐ» ፈላ ሆነ። «ሐረሰ» አረሰ ሆነ። «ጽሕም» ጢም ሆነ። ፍል ውሃ በሚለው ስም ውስጥ ያለችው «ፍል» ራስዋ ከ«ፈልሐ» ወጥታ «ሐ»ዋን አጥታ የቀረች ናት። «ሐ» ከ«ፍል» ላይ ወድቃ ሳለ ከጎንዋ ያለው «ውሃ» እንዴት «ሃ»ውን ይዞ ቀረ? ስለዚህ በ«ውሃ» ውስጥ የምንሰማው «ሃ» የጥንት «ሐ» ወይም «ኀ» ሊሆን አይችልም የሚል ሐሳብ ያዝኩ።

ታዲያ በአማርኛ «ሀ» ከየት ይመጣል? ብዙ ጊዜ ከ«ከ» ይመጣል። ግእዝ «ኮነ» ሲል አማርኛ «ሆነ» ይላል። «ኵሉ» ሁሉ ሆነ። «ክልኤቱ» ሁለት ሆነ። «ቤትከ» ቤትህ ሆነ። መንገዱም ግልጥ ነው፤ «ከ» መጀመሪያ ላልቶ «ኸ» ይሆናል፥ «ኸ» ደግሞ ሲደክም «ሀ» ይሆናል። የድሮ ጸሐፊዎች «ኹሉ»፣ «ኾነ»፣ «አለኽ» እያሉ ይጽፉ የነበረው በመንገዱ መካከል ላይ ሆነው ነው። በዚህ መንገድ ወደ ኋላ ብንሄድ «ውሃ» ቀድሞ «ውኻ» ነበር፥ ከዚያም በፊት በውስጡ እንደ «ከ» ወይም እንደ «ቀ» ያለ ከጉሮሮ አጠገብ የሚወጣ ጠንካራ ድምፅ ነበረበት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ የሶደሬን ወረቀት አውጥቼ አየሁት። የቸሃዋ ባልቴት «እኻ» ብለዋል። የአዊው ሰው «አጉ» ብለዋል።

አዊ ከአገው ወገን ነው። የአገው ቋንቋዎች ዛሬ በየስፍራው ተበታትነው ይገኛሉ፤ አዊዎቹ በጎጃም፣ ኽምጣዎቹ በዋግ፣ ቅማንቶቹ በጎንደር አካባቢ፣ ብሊኖቹ በኤርትራ በከረን ናቸው። ብሊን ውሃን «ዓቍ»፥ ኽምጣ «አቍ»፥ ቅማንት «አኍ»፥ አዊ ደግሞ «አጉ» ይለዋል። እንደ ስዊድንና እንደ ዴንማርክ ቃል ሁሉ እነዚህም አንድ ቃል መሆናቸው ይታያል፤ ድምፁ በሰሜን ጠንክሮ፥ በደቡብ ላልቶ ነው። ደግሞም «ቍ» ስንል ከንፈራችን ይሾላል። በ«ውሃ» መጀመሪያ ላይ ያለችው «ው» ያቺ የከንፈር መሾል ወደ ፊት ወጥታ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። «ውሃ»ን ከአገው ቃል ጋር የሚያዛምዱ የቋንቋ ሊቃውንትም አሉ።

የሀድያው ጓደኛችን ይህንን ሲሰማ «የእኛ ወኦ ይበልጥ ይመስለዋል እኮ!» ብሎ ተከራክሮኛል። እውነቱን ነው፤ ለጆሮ ይበልጥ ይመስላል። ነገር ግን በ«ወኦ» መካከል ያለው ትንፋሽን ቈረጥ ማድረግ ብቻ ነው፤ ከዚያ «ኸ» የሚወጣበትን መንገድ አላገኘሁለትም። ስለዚህ ወደ አገው አደላለሁ፤ ክርክሩ ግን ጥሩ ክርክር ነው፥ እርሱም ገና እጁን አልሰጠም።

በነገራችን ላይ፥ በጆሮ ብቻ መመራት አደጋ እንዳለው ሁለት ምሳሌ ልጥቀስ። «ሰማይ» የሚለው ቃል መጨረሻው «ማይ» ስለሆነ «የውሃ አገር» ማለት ነው የሚል ሰው ሰምቻለሁ፤ የዐረቡ «ሰማእ» እንደሚመሰክረው ግን የቃሉ ሥር ከ«ሰ» ይጀምራል፥ ማይም የለበትም። ሁለተኛው የአዲስ አበባው ለገሃር ነው። በኦሮምኛ «ለጋ» ወንዝ ስለሆነ፥ ለገዳዲም ስሙን ከዚያ ስላገኘ፥ እኔ ለገሃርን የወንዝ ስም አድርጌ በወረቀቴ ላይ አስፍሬው ነበር። ለካስ የባቡር ጣቢያውን ፈረንሳዮች «ላ ጋር» ሲሉት የወጣ ስም ነው! ከዝርዝሬ ስሰርዘው እንደ አስተማሪዬ በቀይ ቀለም ነው የሰረዝኩት።

አሁን የሚያስደንቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ አንድ ሕዝብ እሳቱን፣ ዐይኑንና ደሙን በአባቶቹ ስም እየጠራ ውሃውን እንዴት በሌላ ስም ይጠራል? በድል አድራጊነት የሚመጣ ቃል አብዛኛውን ጊዜ የሹመት፣ የጦርና የሃይማኖት ቃል ነው። «ውሃ» ግን የጓዳ ቃል ነው። ሴማዊውን ቋንቋ የሚናገሩ አባቶች በደጋው አገር ከአገው ጋር በአንድነት ሲኖሩ፥ ሲጋቡና ሲወልዱ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል፤ እስከ 13ኛው መቶ ዓመት የነገሡት የዛጉዬ ነገሥታትም ከአገው ወገን ነበሩ። በገበያና በሸንጎ የሚነገረው ቋንቋ ምንም ይሁን ምን፥ እንስራ አዝሎ ወንዝ የሚወርደው ማን ነው? እናት ናት። ሕፃን ሲጠማው የሚጮኸውም ወደ እርስዋ ነው። የመጀመሪያውን የውሃ ስም የሚሰማው ከእናቱ አፍ ስለሆነ፥ አድጎ የአባቱን ቋንቋ ቢናገርም ያቺን አንዲት ቃል ይዞ ይሄዳል። ይህንን በመጽሐፍ አላነበብኩትም፤ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም ብዬ የማስበው ሴት አያቴ እኔን እንዴት እንደሚጠሩኝ አስታውሼ ነው።

ስለ «ቢሻን»ም ጥቂት ልበል፤ ያስጀመረኝ እርሱ ነውና። ኦሮምኛና ሶማልኛ የአንድ ቤተሰብ ቋንቋዎች ናቸው፤ ሁለቱም የውሃን ስም በ«ቢ» ይጀምራሉ። በስምጥ ሸለቆው አገራችን ካርታ ላይ ደግሞ ኦሮምኛ የውሃን ነገር ሁሉ በየስሙ ለይቶ አስቀምጦታል። ቢሾፍቱ የሚለውን ስም ከ«ቢሻን» ጋር ያያይዙታል፤ ከተማዋ ብዙ ዘመን ደብረ ዘይት ተብላ ኖራ ወደ ዱሮ ስምዋ ተመልሳለች። በዚያው ያለው ሐይቅ ሆራ ይባላል፤ «ሆራ» ማለት ከብት የሚወደው ማዕድን ያለበት ውሃ ነው። «መልካ» የወንዝ መሻገሪያ ነው፤ አዋሽን ተከትለን ከላይ ወደ ታች ብንወርድ መልካ ቁንጥሬን፣ አዋሽ መልካሳን፣ መልካ ወረርን እናገኛለን። «ቡርቃ» ምንጭ ነው። ወደ ሶደሬ ስንሄድ ያለፍንባት መልካሳ ስለ ወንዙ ትናገር ኖሮአል፤ እኛ ግን በመኪናው ውስጥ እየዘፈንን አልሰማናትም። አዲስ አበባ ራስዋ የተቈረቈረችው በ1879 ዓ.ም. ከፍል ምንጮች አጠገብ ነው። ኦሮምኛ ስፍራውን ፊንፊኔ ይለዋል፤ አማርኛ ደግሞ ፍል ውሃ ይለዋል። አንዱ ምንጭ በሁለት ስም እየፈላ ይኖራል።

ከአገውም ይምጣ ከሌላ፥ «ውሃ» በአማርኛ እንግዳ ሆኖ አልቀረም። ለባልና ለሚስት «ውሃ አጣጭ» እንላለን፤ ይህንን የሚያህል የጋብቻ ስም በየትኛውም ቋንቋ ያለ አይመስለኝም። መመላለስ ሲበዛ «ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ» ይባላል። ሄዶ የቀረ ሰው «የውሃ ሽታ ሆነ» ይባላል። የማይረባ ምክንያት «ውሃ የማያነሣ» ነው፤ የቀዳ ሰው ያወጣው አነጋገር መሆኑ ያስታውቃል። ግንበኛ ግድግዳው መዝመም አለመዝመሙን የሚያይበት መሣሪያ «ውሃ ልክ» ነው። የሚያታልል ሰው «እያሳሳቀ እንደ ውሃ ወሰደው» ይባላል፤ በአዋሽ ዳር የኖረ ሰው ይህንን ያለ ማስረጃ ያምናል። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለውንም ሁላችንም እናውቃለን። በእነዚህ ሁሉ ፈንታ «ማይ» አስገብታችሁ ሞክሩት፤ «ማይ አጣጭ» ብሎ ሚስቱን የሚጠራ ሰው ካለ ካህን መሆን አለበት።

ወደ ፊደሉ ልመለስና ልጨርስ። «ውኃ» ብለው የሚጽፉ ሰዎች በቂ ምስክር አላቸው፤ በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ፊደል ይጽፋል። ስለዚህ አስተማሪዬ ከመጽሐፍ ውጪ አላረሙኝም። ነገር ግን ሦስቱን ሆሄያት እንድንለያይባቸው የሚያዝዘን ግእዝ ነው፤ ግእዝ ራሱ ደግሞ ውሃን «ማይ» ስለሚል ይህንን ቃል አያውቀውም። የማያውቀውን ቃል እርሱ እንዴት ይዳኘዋል? ለሥሩ እንጠንቀቅ ከተባለ ደግሞ ትክክለኛው «ውኻ» ነው፤ በዚህም እኔ፣ ጓደኛዬና ሁለቱ አስተማሪዎቻችን አራታችንም ተሳስተናል። እስከዚያው ድረስ ቀላሉን ሆሄ ይዤ «ውሃ» እያልኩ እጽፋለሁ፤ ለፈተና ግን ማን እንደሚያርም አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

በሶደሬ የሳቅሁበትን ጓደኛዬን ይህን ጽሑፍ ከማስረከቤ በፊት አስነብቤዋለሁ። ስለ «ሆኣ» አጻጻፍ አንድ ቦታ አርሞኛል፤ እርሱ ያረመው በእርሳስ ነው። ስምንተኛው «ውሃ»ዬ ለምን በቀይ እንዳልተሰረዘም ያገኘው እርሱ ነው። በድርሰቴ መጨረሻ መስመር ላይ «ፍልውሃ» ብዬ አጣብቄ ጽፌው ስለ ነበር፥ የአራሚው ዐይን እንደ አንድ የቦታ ስም ቈጥሮት አልፎታል።